ቁጭ ብሎ የመጣው የሐምራ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ሐያትን ይዤ እዚህ ቤሩት ዳር፣ ሲን ኤል ፊል ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐያት የወሎ ልጅ ናት፤ እኔ ከተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ማዶ ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ቀርቷታል። ዐረብኛዋ ለገበያና ለሥራ ይበቃል፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን ምላሷ ይተሳሰርና እኔን ታስከትላለች። እኔም ጉልበቴን እየረገምኩ እከተላለሁ።

ወጣቱ ሐኪም ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ በመሣሪያው እያሸ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ሆዱ የእኔ ይመስል።

«ሕፃኑ ቁጭ ብሏል» አለኝ። «ያኒ፣ ጭንቅላቱ ላይ፣ መቀመጫው ታች ነው። በቀይሰሪያ ትውለድ ወይስ ሌላ ነገር እንሞክር? ተነጋገሩና ንገሪኝ።»

ቀይሰሪያ የሚሉት እኛ በኦፕራሲዮን መውለድ የምንለውን ነው። ተረጎምኩላት። ሐያት ክንዴን ጭብጥ አደረገችና፣ «እትዬ ዘውዴ፣ ወላሂ እኔ ምንም አላውቅም፤ አንቺ ወስኚልኝ» አለች። ሐኪሙም ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገ እኔን ይጠብቃል። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት ነርሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ገባችና ኮሪደሩ ላይ ሆነን እንድናስብበት ተነገረን። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሐያት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓዋን ያዘች፤ እኔ ደግሞ ሳልወድ በግድ በሐሳብ ወደ ሐምራ፣ ወደ ድሮው ንዴቴ ተመለስኩ።

ቤሩት ስመጣ ገና ለጋ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበርኩ። በሠራተኝነት የገባሁበት ቤት ሐምራ በሚባለው ሰፈር፣ ምድር ቤቱ ጫማ መሸጫና ካፌ የሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከላይኛው ደርብ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ሊፍቱ ሲቆም የገበያው ከረጢት ሁሉ በእኔ ትከሻ ደረጃውን ይወጣል። የቤቱ እመቤት ማዳም ሪማ ትባላለች። በገባሁ ቀን ስሜን ጠየቀችኝና «ዘውዲቱ» ስላት ፊቷን አጨማደደች። «ይረዝማል። ዙዙ እንልሻለን» አለችኝ። የጎረቤታችን ውሻ ማክሲሚሊያን ይባል ነበር፤ እሱ አልረዘመባትም።

ሪማ ቴሌቪዥኑን በጣቷ ጠርጋ ጣቷን የምታሳየኝ ሴት ነበረች። አንድ ሸሚዝ ላይ መጨማደድ ካየች አንጠልጥላ ታመጣውና ምንም ሳትናገር የተተኮሰው ክምር ላይ ትወረውረዋለች። ክምሩ በሙሉ እንደገና ይተኮስ ማለቷ ነው። እኔ ይቅር ባይ ሴት አይደለሁም። ይህን የምታነቡ ሰዎች መጨረሻው ላይ ተቃቅፈን ስንላቀስ እናያለን ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አሁኑኑ ተዉት።

ከሪማ የምትብስ አማቷ ነበረች። ቴታ ሱዓድ እንላታለን፤ ቴታ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አልላትም። የምትኖረው ከእኛ በታች ባለው ደርብ ነው፤ የቤታችን ቁልፍ ግን ስላላት ሳታንኳኳ ገብታ ድስት ትከፍታለች። መጀመሪያ ሽቶዋ ይገባል፣ ቀጥሎ እሷ፣ ከዚያ ጨዉ አነሰ፣ ሎሚው በዛ ይቀጥላል። ልጇ ፋዲ፣ የሪማ ባል ማለት ነው፣ ገልፍ በሚሉት የዐረብ አገር ይሠራ ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ ስትናገር ስልኩን ያያል፤ ሚስቱ ስትናገርም ስልኩን ያያል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ እሱም በዚያ ቤት ከዚህ በላይ የሠራው የለም።

ሪማ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሆዷ የገፋው ያን ጊዜ ነው። የቤሩት ዝናብ አባርቶ፣ ጋሪ ገፊዎች ጃነሪክ ይዘው በየመንገዱ መዞር ጀምረው ነበር። ጃነሪክ አረንጓዴ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ጎምዛዛ ፍሬ ነው፤ በጨው ይበላል። ሪማ ሆዷን በረንዳው መከታ ላይ አስደግፋ እሱን ስትበላ ትውልና ዘሩን ወለሉ ላይ ትተፋለች፤ እኔ እየተከተልኩ እጠርጋለሁ። ያን ፍሬ ዛሬም እወደዋለሁ። ፍሬው ምን አጠፋ?

ሐኪም ቤት ስትሄድ የመጀመሪያ ልጇን፣ ትንሿን ላራን እንድይዝላት ትወስደኝ ስለነበር ወሬውን ከምንጩ ሰማሁ። ቴታ ሱዓድም አብራን ነበረች፤ የት ትቀራለች? ሐኪሙ ፀጉሩ የነጣ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። የጨበጠ እጁን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አቆመና ልጁ እንዴት እንደተቀመጠ አሳያት።

«አብዛኞቹ ልጆች ወደ መጨረሻው ላይ ይገለበጣሉ፤ ያንቺ አልተገለበጠም» አለ። «መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ ሆነን ከውጭ በእጄ ላዞረው እሞክራለሁ። እምቢ ካለ ሁለት መንገድ አለ። ቀይሰሪያ ለሕፃኑ፣ ለዚያች ቀን፣ ስጋቱ ያንሳል። ለአንቺ ግን ሆድ መቀደድ ነው፤ ማገገሙ ይዘገያል፣ ጠባሳው በሚቀጥለው እርግዝናሽ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። በማኅፀን በር ይውጣ ካልን ደግሞ ፍርሃታችን ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ነው። አንቺ ከዚህ በፊት ወልደሻል፤ ልጁ ከመጠን በላይ ትልቅ አይደለም፤ እግሮቹን ወደ ላይ ዘርግቶ በመቀመጫው ነው የመጣው። ይህ ሁሉ ይረዳል። እኔ እንዲህ ያሉትን በእጄ ብዙ አዋልጃለሁ። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋጅቶ፣ እኔም አጠገብሽ ቆሜ ከሆነ ሊሞከር ይችላል። አስቢበት።»

ንግግሩ ለሪማ ነበር። ቴታ ሱዓድ ግን ለእሷ የተነገረ አድርጋ ወሰደችው፤ ገና መኪና ውስጥ ሳንገባ ቀን መቁረጥ ጀመረች።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሐኪም ልጁን ሊያዞረው ሞከረ። ልጁ ገሚሱን መንገድ ሄደና ተመልሶ ቁጭ አለ። ሪማ ሆዷ ቆስሎ፣ ፊቷ ገርጥቶ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ቤት አልነበረም። ጠዋት ጠብ፣ ምሳ ላይ ጠብ፣ ሊፍት ውስጥ ጠብ ሆነ። ሁለቱ ሲጣሉ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላሉ፤ ፓርዶን እየተባባሉ የሚጣሉ ሰዎች ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ለመሕሺ ኩሳ እንፈለፍላለን። ኩሳ ትንንሽ ዝኩኒ ነው፤ ልቡን አውጥተው ሩዝና ሥጋ ይሞሉታል። ቴታ ሱዓድ ያን ሥራ ለማንም አታምንም፤ መፈልፈያውን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን ሳታቆም መናገር ጀመረች።

«ከፋዲ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች። «እንደዚሁ ቁጭ ብሎ መጣ። ገላው ወጣ፣ ጭንቅላቱ ቀረ። እጁ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እስኪያወጡት ኸላስ፣ አለቀ።»

እንባ አልነበራትም፤ ኩሳው ግን እጇ ላይ ተሰነጠቀ። አይዞሽ ልላት ስል እሷ ንግግሯን አልጨረሰችም ነበር። «ስለዚህ አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለችኝ። «በአገራችን እንዲህ የመጣ ልጅ ሁሉ ይሞታል በያት። አንቺ ሐበሻ ነሽ፤ ታውቃለች ብላ ታምንሻለች።» የሞተ ልጇን አንስታ ለእኔ ሥራ ስታዝበት ሳይ ያዘንኩላት ሐዘን እዚያው ደረቀ።

ሪማም አልዘገየችም። በነጋታው በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ጠራችኝ።

«እህቴን አታውቂያትም» አለች። «ሁለት ጊዜ በቀይሰሪያ ወለደች። በሦስተኛው የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣበቀ። ደሟ አልቆም ብሎ ማኅፀኗን አውጥተው ነው ያተረፏት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የነርሶቹን ጫማ አይቻለሁ። እኔ ገና ልጅ እፈልጋለሁ። ካልተገደድኩ ቢላ አይነካኝም። ያገርሽ ሴቶች ሜዳ ላይ ወልደው፣ ያላ ብለው ወደ ሥራቸው አይደል የሚመለሱት? ለዚች አሮጊት ንገሪያት እንጂ!»

እንግዲህ እዩልኝ። ሁለቱም ያዩት ደም አለ፤ ሁለቱም የፈሩት እውነተኛ ነገር ነው፤ ሁለቱም ግን ምስክር አድርገው የሚጎትቱት እኔን ነው። ሐበሻ ስለሆንኩ ከእናቴ ሆድ አዋላጅ ሆኜ የወጣሁ መስሏቸዋል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያደግኩት አስፋልት ዳር ነው፤ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ። አክስቴ ስታምጥ እኛን ልጆቹን ወደ ጎረቤት አባረው ነው በሩን የዘጉት። ስለ መውለድ የማውቀው ገንፎው ሲደርስ ማንኪያ ይዤ መጠጋት ብቻ ነበር። ይህን ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ሪማ ሳቀችና «አትፈሪ፣ ተናገሪ» አለች፤ ቴታ ሱዓድ ደግሞ ሚስጥር የያዝኩባት መስሏት ተቆጣች።

የፋዲ ዕረፍት ደረሰና መጣ። እናቱ እሑድ ምሳ ላይ ዘመድ ጠራች። ምሉኺያ የሚሉትን የቅጠል ወጥ ሠርቼ፣ ዶሮውን በታትኜ፣ ሩዙን ገልብጬ አቅርቤ ወደ ወጥ ቤት ስመለስ ቴታ ሱዓድ ጠራችኝ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዙዙ፣ ነይ ለሰዎቹ ንገሪ። እናትሽ አንቺን እንዴት ወለደችሽ?»

ሪማ ቀና ብላ አየችኝ። ሜዳ ላይ እንድል ትፈልጋለች። ቴታ ሱዓድ እናቴ ልትሞት ነበር እንድል ትፈልጋለች። ሳህን ይዤ መሐል ወለል ላይ ቆሜ፣ የእናቴ ጭን የምሳ ጨዋታ ሲሆን፣ ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ሁለቱንም ላሳፍር ብዬ እውነቱን ተናገርኩ።

«በቀይሰሪያ» አልኩ። «ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል።»

አንዱ ዘመድ ሳቁን በናፕኪን አፈነ። እኔ አፋቸውን ያስያዝኳቸው መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ቴታ ሱዓድ ግን እጇን አጨብጭባ፣ «ሰማችሁ? ሐበሾቹ እንኳ! ሐበሾቹ እንኳ አውቀው ይቀደዳሉ፤ የእኛዋ ግን እንደ ፍየል ልውለድ ትላለች!» አለች። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ፋዲ ሳይቀር ከስልኩ ቀና ብሎ ሳቀ። እናቴን ከአፌ ነጥቀው ከዶሮው ጋር ተቀራመቷት።

ሪማ አልሳቀችም። ማታ ሳህን ሳጥብ በሩ ላይ መጥታ ቆመችና «ሸጥሽኝ» አለችኝ። የፋሲካ ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንድሄድ ፈቅዳልኝ ነበር፤ ያንን ሰረዘችው። ፋሲካን ያሳለፍኩት የበረንዳውን መስተዋት ስወለውል ነው። ማንን ይበልጥ እንደጠላሁ ያን ቀን ብትጠይቁኝ አልመርጥም ነበር።

ቴታ ሱዓድ ለቀይሰሪያው ቀን ቆረጠች። ፋዲ ወደ ሥራው ሳይመለስ፣ ሪማ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለጠያቂ የሚቀርበው መግሊ ተዘጋጅቶ ማለት ነው። መግሊ ሕፃን ሲወለድ የሚበሉት ከሩዝ ዱቄትና ከቅመም የሚሠራ ጣፋጭ ነው፤ ለእኛ የአራስ ገንፎ እንደሆነው ለእነሱ እሱ ነው። ከራውያውና ቀረፋው አስቀድሞ ተገዝቶ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ሪማ እሺም እምቢም አላለችም። ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ታስነካለች፤ እንዲህ ሲያደርጉ ልጅ ይገለበጣል ብሏት ነበር አንድ ጓደኛዋ። እኔ እንዳትወድቅ ወገቧን እይዛለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ራውሼ ድረስ በእግር እንሄዳለን። እሷ ፊት ፊት፣ እኔ ውሃና ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ። የምታናግረኝ «ፍጠኚ» ለማለት ብቻ ነው።

ቀኑ ሳይደርስ አንድ ከሰዓት፣ ላራን አያቷ ዘንድ ትተን፣ እዚያው ራውሼ ከባሕሩ ውስጥ የቆሙት ትልልቅ ድንጋዮች ፊት ለፊት ስንደርስ ሪማ የብረቱን አጥር ያዘች። ከእክ የሚባለውን የሰሊጥ ዳቦ የሚሸጠው ሰውዬ ጋሪውን ሊያስጠጋ ሲል እግሯ ሥር ያለውን ውሃ አይቶ ተመለሰ። የእንሽርት ውሃዋ ፈሶ ነበር።

ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ራሷ ደወለች። ከተራራው፣ ከአገር ቤቱ እየመጣ መሆኑን፣ ሆስፒታል ገብታ እንድትጠብቀው ነገራት። ከዚያ ስልኳን እጄ ላይ አኖረችው።

«ቴታ ከደወለች አትመልሺ» አለችኝ። «ልጁ ሳይወጣ እዚያ ላያት አልፈልግም። ገባሽ?»

«ማዳም፣ እኔን ነው የምትገድለኝ።»

«እኔ አዝዤሻለሁ። እኔ እነግራታለሁ።»

ታክሲ አስቆምኩ። ሾፌሩ ሪማን ሲያይ ስለ ወንበሩ ጨርቅ መለማመን ጀመረ፤ ከእኔ የሰማውን አማርኛ ባይገባውም ነዳ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። እሷ የፊቱን ወንበር ነክሳ ታቃስታለች፤ ስልኩ እጄ ላይ ይንዘረዘራል፤ ቴታ፣ ቴታ፣ ቴታ ይላል። አላነሳሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ ምጧ ገፍቶ ነበር። ሁለተኛ ልጅ አይዘገይም። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲመረምራት ከንፈሩን ነከሰ። አብራው ያለችው ነርስ ሪማን ትታ እኔን፣ «ባሏ የት ነው? አማቷስ? ማን ይወስን?» ትለኛለች።

«እኔ እዚህ ነኝ!» ብላ ሪማ ጮኸች። «እኔን ጠይቁኝ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ሐኪሙ ቀረብ አለ። ሪማ የጋዋኑን ጫፍ ያዘችው። «ቁጭ ብሎ የመጣ ልጅ በእጅህ አዋልደህ ታውቃለህ? እውነቱን።»

«ሲያዋልዱ አይቻለሁ» አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነበር። «በእጄ፣ ብቻዬን፣ አላዋለድኩም።»

«ሽማግሌው መቼ ይደርሳል?»

«መንገድ ላይ ነው። መቼ እንደሚደርስ ማለት አልችልም።»

ምጡ መጣባትና ዓይኗን ጨፈነች። እጄን ያዘችኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ። ሲለቃት ዓይኗን ገለጠችና፣ በረንዳ ላይ ካወቅኳት ሪማ በተለየ ረጋ ያለ ድምፅ ተናገረች። «እሱ እዚህ ቢሆን በራሴ እሞክር ነበር። አንተ አይተሃል እንጂ አልሠራህም። ልጄን ሙከራ አላደርገውም። ኸላስ፣ ቅደዱኝ።»

እየገፉ ወሰዷት። ያን ሁሉ ሳምንት ያልፈለገችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ መረጠች፤ አማቷ ስላዘዘቻትም አይደለም፣ እኔ ስለመሰከርኩም አይደለም። የምትፈራውን ሁሉ እያወቀች፣ ፊቷ የቆመውን ሰው እጅ አይታ ነው። እጠላት ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ኮራሁባት።

ልጁ በደህና ወጣ። ወንድ ነው። እግሮቹ ሆድ ውስጥ እንደነበሩት ጆሮው ድረስ ተሰቅለው ነበር፤ ነርሷ ወደ ታች ስታወርዳቸው መልሶ ይሰቅላቸዋል። እዚያ ቆሜ ሳቅኩ። ለመጨረሻ ጊዜ እነሱ ዘንድ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ቴታ ሱዓድ ልጇን አስከትላ ገባች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ሪማ ከኦፕራሲዮን ወጥታ፣ ነቅታ ተኝታለች። አሮጊቷ ቀይሰሪያ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ በራ። «አላልኩም? አላልኩም?» እያለች ሕፃኑንም ነርሶቹንም ሳመች። እኔን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ! ስልኩ እጅሽ ላይ እያለ ለምን አላነሳሽም? የልጅ ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር!»

«ማዳም አዝዛኝ ነው» አልኩ። «ማዳም፣ ንገሪያት።»

ሁሉም ወደ ሪማ ዞሩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አማቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «አላስታውስም» አለች።

መድኃኒቱ አደንዝዟት ይሆናል የሚሉኝ ሴቶች አሉ። ይህን ባወራሁ ቁጥር አንዷ ይህን ትላለች። እኔ ዓይኗን አይቻለሁ። ታስታውስ ነበር። ሆዷ ተቀዷል፣ ደክማለች፣ ከአሮጊቷ ጋር ሌላ ጠብ ለመግጠም አቅም አልነበራትም፤ ይህም ገብቶኛል። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልቀነሰም።

በነጋታው መግሊውን ያማሰልኩት እኔ ነኝ። እንዳይቋጠርና ሥሩ እንዳያርር ሳያቆሙ ማማሰል ይፈልጋል፤ ክንዴ ዝሎ፣ የከራውያው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ፣ በየብርጭቆው ቀድቼ ለውዝና ኮኮናት በተንኩበት። ጠያቂዎቹ በልተው አመሰገኑ፤ ቴታ ሱዓድን። ከዚያ ፋዲ መኪናውን አስነስቶ ወደ መክተቡ፣ አገር ድረስ ልኮ ወዳስመጣን ቢሮ መለሰኝ። የማትታመን ናት ብለው ነው ያስረከቡኝ። ከዚያ የተላክሁበትን ቤት ሌላ ቀን ላውራው፤ ከሐምራው አይሻልም ነበር።

«ሐያት!» ብላ ነርሷ ስትጣራ ነው ከሐምራ የወጣሁት። ተነሣን። ሐያት በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ምን ልበለው እትዬ? ወሰንሽ?» አለችኝ።

«እሱ ያለውን ሁሉ ቃል ሳልጥል እነግርሻለሁ» አልኳት። «አንቺ የጠየቅሽውንም ለእሱ። መምረጡ ግን ያንቺ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይዤሽ መጣሁ?» አለችኝ ተቆጥታ። ትቆጣ። ገባን። ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩና ሐኪሙ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዲናገር ጠየቅኩት፤ ልጁን ከውጭ ስለ ማዞር፣ ስለ ቀይሰሪያው፣ ስለ ጠባሳው፣ እሱ እንዲህ ያለ ልጅ በማኅፀን በር አዋልዶ እንደማያውቅና የሚያውቅ ሐኪም ከተፈለገ ሌላ ሆስፒታል መሄድ እንደሚያስፈልግ። አንድ በአንድ አማርኛ አደረግሁላት። ሐያት የመጀመሪያ ልጇ መሆኑ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ፣ ማዞሩ ያማል ወይ የሚለውን፣ ሳይዞር ቢቀር ምን ያህል ጊዜ እንዳላት ጠየቀች። መጀመሪያ በእኔ በኩል፣ ኋላ ቀስ በቀስ ራሷ፣ በተሰባበረው ዐረብኛዋ። በመጨረሻ መጀመሪያ ልጁ እንዲዞርላት እንደምትፈልግ፣ ካልዞረ በኦፕራሲዮን እንደምትወልድ ራሷ ነገረችው። አልተሳሳተችም።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እርግጠኛ ናት?» አለኝ።

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት ጮክ ብዬ፤ ነርሷ እስክትዞር። «ከፊትህ አይደለችም እንዴ?»

ፊቱ ቀላ። ወንበሩን ወደ ሐያት አዞረና እሷኑ ጠየቃት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐያት አኩርፋ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ በሰው ሐኪም ላይ ጮኸሽ አሳፈርሽኝ ብላ። እኔ ከኋላ እያነከስኩ ስለ ሪማ አስብ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ እግሩም ወርዶለት ይሆናል። መቀደዱ ይሻል ነበር አለመቀደዱ ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም፤ ለእሷ ያን ሰዓት የሚበጀውን እሷ ነበረች የምታውቀው። እዚህ ነኝ ብላ ጮኸች፣ ልክም ነበረች። ግን አላስታውስም ስትል በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ ብቻዋን አልነበረችም። እኔም እዚያ ነበርኩ።